እሑድ የፈረምኩላት ማሽን

ዛሬ ጠዋት ቤቴን አቃጥዬው ነበር፤ እግዜር ነው ያተረፈን። ጥሩነሽ ባለቤቴ የወጥ ቤቱ ሶኬት አልሠራም አለችኝና «ሰው ልጥራ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደሜ ፈላ። ሰው! እኔስ ምንድን ነኝ? ዕድሜዬን ሙሉ ሽቦ ስቀጥል የኖርኩ፣ የጡረታ መታወቂያዬ ላይ «የኤሌክትሪክ ቴክኒሽያን» ተብሎ የተጻፈልኝ ሰውዬ ቁጭ ብዬ ለአንዲት ሶኬት ሰው ይጠራል? ቴስተሬን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቀልኩ (ዓይኔ ላይ ማድረግ ነበረብኝ)፤ ከዚያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እንደ ልምድ አዋቂ ዘና ብዬ ሶኬቱ ውስጥ ሰካሁ።

ጧ!

ቀዩ ሽቦ ለካ አምፔር የሚለካበት ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት የጎረቤት መኪና ባትሪ ስመረምር እዚያው ረስቼዋለሁ። በሙያችን ይህ ለጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚነገር ነገር ነው፤ ጀማሪውም አንዴ ይሳሳትና ዳግመኛ አይነካውም። ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ፣ የቴስተሩ ጫፍ ቀለጠ፣ ቤቱም ጭጭ አለ። ፍሪጁም፣ ሬዲዮኑም፣ ምድጃውም በአንድ ጊዜ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«ሶኬቱ ይሠራል» አልኩ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ።

«አየሁት» አለች ጥሩነሽ። «ሰው ልጥራ?»

መብራቱን መለስኩ፤ እጄንም ቅቤ ተቀባሁ። ያቺ «ጧ» ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። የማውቃት ድምፅ ናት። በሃያ አራት ዓመቴ ሦስት ቀን ሙሉ ያሳደድኳት፣ አንዲትን ሴት ከነልጆቿ ልታጠፋት የነበረች፣ እኔንም ለአንድ ቀን ያህል ትልቅ ሰው ያደረገችኝ ድምፅ።

ያኔ ከአዲሱ ገበያ ዝቅ ብሎ በነበረ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጀማሪ ቴክኒሽያን ነበርኩ። ከእናቴ ቤት ተነስቼ በእግሬ ነበር የምሄደው። ክረምት ነበር፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ቡና በወተት አስመስሎት፣ ባሕር ዛፉ ዝናብ ሲመታው የሚሰጠው ያ የመድኃኒት ሽታ እስከ ፋብሪካው በር ይሸኘኝ ነበር። ጫማዬ አንድ ስለነበረች ጭቃው እስኪያልፍ አውልቄ በእጄ እይዛታለሁ። በሩ ላይ ስደርስ ታጥቤ እጫማና ዲፕሎማ እንዳለው ሰው ደረቴን ነፍቼ እገባለሁ። ዲፕሎማማ ነበረኝ፤ ከዚያ ውጭ ብዙም አልነበረኝም።

በፋብሪካው ውስጥ የድር ማሽን የምንላቸው ሰባት ማሽኖች ነበሩ። ብዙ መቶ ክር ከኋላ ከተደረደሩ ልቃቂቶች ተነስቶ፣ ጎን ለጎን እንደ ጸጉር ተበጥሮ፣ ከፊት በርሜል በሚያህል ጥቅል ላይ ይጠመጠማል። ከነዚያ ክሮች አንዱ ከተበጠሰ ማሽኑ ወዲያው መቆም አለበት፤ ካልቆመ የሚወጣው ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጭረት ይኖረዋል። ይህን የሚጠብቅ አንድ «ዓይን» ነበር። ከክሮቹ ሥር ቀጭን ብርሃን ትዘረጋለች፤ የተበጠሰ ክር ወድቆ ብርሃኗን ሲያቋርጥ ዓይኑ በሽቦ አንዲት ቅንጣት ምልክት ይልካል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን ምልክቷን ያጎላትና ማሽኑን ያቆማል። ምልክቷ ከመርፌ ጫፍ ያነሰች፣ የምትቆይበትም ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያጠረ ነበር።

ሦስተኛዋን ማሽን የምትይዘው እትዬ ሙሉ ነበረች። ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ ስትስቅ የፋብሪካውን ጫጫታ የምትበልጥ፣ ስትቆጣ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ቀጥ ብሎ የሚቆምላት ሴት። ታዲያ ያን ክረምት ማሽኗ በእውነት ይቆም ጀመር። በቀን አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። በቆመ ቁጥር ደግሞ የተበጠሰውን ለማግኘት ያን ሁሉ ክር በጣቷ ትቆጥራለች፤ የተበጠሰ ግን የለም። እንደገና ታስነሳዋለች። እንደገና ይቆማል። ጥቅሏ ከሌሎቹ ሁሉ አንሶ ተገኘ።

በዚያን ጊዜ «አሻጥር» የሚሉት ቃል ነበር። የዛሬ ልጆች ቃሉን እንደ ቀልድ ይሰሙታል፤ እኛ ግን ስንሰማው ዙሪያችንን እናይ ነበር። ዳቦው ካረረ አሻጥር ነው፤ አውቶቡሱ ከዘገየ አሻጥር ነው። ምርት የቀነሰባት ሴት ደግሞ ማሽኑን ሆን ብላ ታቆማለች ከተባለች፣ ከሥራ መባረር ትንሹ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደምትወሰድ ጠያቂም መላሽም አልነበረም። የክፍሉ አለቃ ካቦ ተፈራ ይህን ሁሉ በደብተሩ ይጽፍ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋው ሰው። ክፉ ነበር ብዬ አልፈርድበትም፤ ምርት ሲጎድል እርሱም ተጠያቂ ስለሆነ ጉድለቱን የሚያወርድበት ሰው ይፈልግ ነበር።

«ማሽኗን መርምርና ጻፍልኝ» አለኝ አንድ ዓርብ።

እኔም እሑድ መጥቼ ልመርምር አልኩ። ምክንያቴን ስጠየቅ «ለምርመራ ጸጥታ ያስፈልጋል» አልኩ፤ ጥሩ ምክንያት ይመስላል። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ በሥራ ቀን እነዚያ ሴቶች ከበው ሲያዩኝ ሥራው ይጠፋብኝ ነበር። አንዴ ብሎን ስፈታ ከእጄ አምልጣ የአንዷ ጡት ሥር ገብታ እስካሁን አልተመለሰችም።

እሑድ መጣሁ። ፋብሪካው ውስጥ ከእኔና ከበሩ ዘበኛ ሌላ ሰው አልነበረም። ማሽኗን አስነሳሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደ ሕፃን ትንፋሽ እኩል ሄደች። አንዴም አልቆመችም። ሻይ ጠጣሁ፣ ዳቦዬን በላሁ፣ ከዚያ የማተሚያ ቤት ፊደል በምትመስል ጽሕፈቴ «ማሽኑ ምንም እንከን የለበትም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ፊርማዬ በዚያን ዕድሜዬ ጅራት ነበራት፤ ሁለት ጊዜ ዞራ ከወረቀቱ ጫፍ ልትወጣ ትደርሳለች። ያን ቀን በተለይ አስረዘምኳት።

ሰኞ ጠዋት ካቦ ተፈራ ወረቀቱን አነበበ፤ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። «እንግዲህ ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ» አለ፣ «በሽተኛው ሰው ነው።» ኮሚቴው ዓርብ እንዲቀመጥባት ተወሰነ።

ማክሰኞ ጠዋት በዝናብ ውስጥ ስደርስ እትዬ ሙሉ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። ነጠላዋ በስብሶ ከትከሻዋ ጋር ተጣብቋል። የኮቴን ኮሌታ ጨመደደችው።

«አንተ ሽቦ ነካሽ! ልጆቼ ምን በደሉህ?»

«እትዬ ሙሉ፣ እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት...»

«ያየኸውን? ዓይንህ ያለው ቂጥህ ላይ ነው? አሥራ አምስት ጊዜ ትቆማለች እያልኩህ!»

«አልቆመችም! ሦስት ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ነበርኩ!»

«ውሸታም! እናትህን ብነግራት በጥፊ ነው የምትልህ!»

እናቴን ታውቃታለች፤ ማስፈራሪያው ከኮሚቴ የሚብስ ነበር። ልገፋት እጄን ሳነሳ ከመካከላችን አንድ ወፍራም የዝናብ ካፖርት ገባ። ጋሽ አንጁሎ ናቸው፣ የበሩ ዘበኛ። ከጋሞ ደጋ መጥተው በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች መካከል የኖሩ ሽማግሌ። በፋብሪካው ውስጥ ማንም ተጣልቶ ወደ አለቃ ከመሄዱ በፊት በበሩ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ በእሳቸው ፊት ይቀመጣል፤ እሳቸውም ወንበሯን «ዱቡሻዬ» ይሏት ነበር። ዱቡሻ በአገራቸው ሽማግሌዎች ሕዝቡን ሰብስበው ጠብ የሚያበርዱበት አደባባይ ነው። የእሳቸው አደባባይ ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ ያውም ሦስተኛው ቀጭን ከሆነ።

ጎንበስ ብለው ከግንቡ ሥር እርጥብ ሣር ነቀሉና ለሁለታችንም አንዳንድ እፍኝ ሰጡን። «ያዙ። ሣር የያዘ እጅ አይማታም።»

ሣሩን ይዘን ተቀመጥን። ከፊታችን በትንሽ ከሰል ማንደጃ ላይ በቆሎ እሸት ይጠብሱ ነበር፤ ዝናቡ ጠብ ሲልበት ይንጣጣል። አንዱን ለሁለት ሰብረው አካፈሉን። በመጀመሪያ እሷ ተናገረች፣ ቀጥዬ እኔ። ሁለታችንም ብዙ ተናገርን። ጋሽ አንጁሎ በቆሎ እያገላበጡ ሰሙ።

«እሷ ጊዜው ክፉ ነው አለች» አሉ ስንጨርስ፤ «አንተም ጊዜው ክፉ ነው አልክ። እሷ ካቦው ቸኩሏል አለች፤ አንተም አልክ። ይኸን ሁለታችሁም እኩል ይዛችሁታልና ጣሉት። ይኸ የሰፈሩ ጫጫታ ነው፤ የእናንተ አይደለም።» እጃቸውን እንደ አቧራ አራገፉት። «ዱቡሻ ላይ ቀድሞ የሚጣለው ሁለቱም የሚሉት ነገር ነው። አሁን የማትመሳሰሉበትን ብቻ ስጡኝ።»

«ማሽኗ ትቆማለች» አለች እትዬ ሙሉ።

«አትቆምም» አልኩ።

«መቼ አየሃት?» አሉኝ።

«እሑድ።»

«አንቺስ?»

«በሥራ ቀን ነዋ! ሰኞ፣ ማክሰኞ...»

«እሑድ ሌሎቹ ማሽኖች ይዞሩ ነበር?»

በቆሎውን አስቀመጥኩት። አይዞሩም ነበር። አንዳቸውም። ያን ሁሉ የፋብሪካ ጉልበት አስተኝቼ አንዷን ብቻ ቀስቅሼ ነው ጤነኛ ናት ያልኩት። የታመመ ሰው ተኝቶ ሳለ አይቶ «ደህና ነው» ብሎ እንደሚሄድ ሐኪም። ጋሽ አንጁሎ በቆሎአቸውን ገለበጡ።

ያኔ ነው ሩጫ የጀመርኩት። የሬዲዮ ጆሮ ማዳመጫ ይዤ ሄድኩና ከሳጥኑ ውስጥ፣ የዓይኑ ምልክት ጎልቶ ከሚወጣበት ቦታ ላይ ቀጠልኩት። እትዬ ሙሉ ማሽኗን አስነሳች። በጆሮዬ ውስጥ እንደ ሩቅ ንብ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ከዚያ፦

ጧ!

ማሽኑ ቆመ። ክር አልተበጠሰም።

ሌላ ነገርም ሰማሁ። በዚያችው ቅጽበት ከግድግዳው ማዶ፣ ከማቅለሚያው ክፍል፣ ትልቁ ኮምፕሬሰር ማጓራት ጀመረ። ቆመ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ሲነሳ እንደገና ጧ፣ ማሽኑም እንደገና ቆመ። ወለሉ ላይ ያለውን ክዳን አንስቼ ቦዩን አየሁ። የኮምፕሬሰሩ ክንድ የሚያህል ገመድና የእኛ የዓይን ሽቦ፣ ከዚያ ሁሉ ፋብሪካ ቦታ ጠፍቶ፣ አንድ ቦይ ውስጥ ተቃቅፈው ተኝተዋል። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ የሚጎትተው ኃይለኛ የመነሻ ኤሌክትሪክ እርግጫው ለቀጭኑ ሽቦ ይተርፋል። ሳጥኑ ምን ያውቃል? እርግጫውን ክር ተበጠሰ ብሎ ይተረጉመዋል። የስድስቱ ማሽኖች ሽቦ በሌላ በኩል ያልፋል። የእሷ ብቻ ነበር ከዚያ አውሬ ጋር የተኛው።

እትዬ ሙሉ ከጎኔ ተንበርክካ ቦዩ ውስጥ ተመለከተች። «እና እኔ አይደለሁማ?»

«አንቺ አይደለሽም።»

አለቀሰች ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። ጀርባዬን በጥፊ መታችኝ። «ታዲያ ምን ቁጭ ትላለህ? አድነኛ!»

ማዳኑ ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። ቦዩን ቀይሮ አዲስ ለመቆፈር ሲሚንቶ መስበር፣ ፈቃድ፣ ማኅተም፣ የሁለት ወር ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ዓርብ ደግሞ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ብልጥ ነኝ ብዬ መጀመሪያ ያደረግሁት ሳጥኑን ማደንዘዝ ነበር። ምልክት ሲመጣለት ትንሽ ቆይቶ እንዲያምን አንዲት ካፓሲተር ጨመርኩለት። እውነትም እርግጫውን መስማት ተወ። እትዬ ሙሉ ግን አንድ ክር በጥፍሯ ብጥስ ስታደርግ ማሽኑ ሳይቆም ብዙ ሜትር ሄደ። እርግጫውም አጭር ናት፣ የክሩም ምልክት አጭር ናት፤ አንዷን የማይሰማ ሌላዋንም አይሰማም። የጨርቁ ጭረት ደግሞ የራሱን አሻጥር ይወልዳል። ካፓሲተሯን ፈትቼ አወጣሁ፤ ኩራቴም አብራ ወጣች።

ለምሳ ወደ በሩ ወጣሁ። ጋሽ አንጁሎ አልነበሩም፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ጠዋት ከእጄ የጣልኩት ሣር እዚያው ጠውልጎ ወድቋል። ዳቦዬን እያኘክሁ ዝም ብዬ ሳየው «ሁለታችሁም እኩል የያዛችሁትን ጣሉት» ያሉት ነገር መጣብኝ። መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ተረት። ከዚያ እንደ ሌላ ነገር። በትምህርት ቤት አስተማሪያችን በሰሌዳ ላይ አንድ ሦስት ማዕዘን ስለው ሁለት መግቢያ ሰጥተውት ነበር፤ ዲፈረንሻል አምፕሊፋየር ይባላል ብለው። ገልብጬ ነበር። ለፈተናም ሸምድጄ አልፌበታለሁ። ለምን ሁለት መግቢያ እንደሚያስፈልገው ግን ያን ቀን፣ በዘበኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓይኑ እስከ ሳጥኑ አንድ ሽቦ ብቻ ከመጣ፣ ሳጥኑ አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል፤ ምስክሩ የራሱን ይናገር የሰፈሩን ጫጫታ ይድገም የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከጎኑ ሌላ ሽቦ ስሰድ ግን፣ የክሩን ነገር የሚያወራው የመጀመሪያው ብቻ ሲሆን፣ የኮምፕሬሰሩ እርግጫ በሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል። ሁለቱን የሚሰማው አምፕሊፋየር ደግሞ ሥራው አንዱን ከሌላው መቀነስ ነው። ሁለቱም እኩል የያዙት ይጠፋል፤ የሚለያዩበት ይጎላል። ዱቡሻ በሳጥን ውስጥ።

አምፕሊፋየር የምትሆነኝን፣ ስምንት እግር ያላትን ትንሿን ጥቁር ቺፕ ከፋብሪካው ላቦራቶሪ ከተጣለ የተበላሸ መለኪያ ውስጥ ነቅዬ አገኘኋት። ሁለቱ ሽቦዎች ደግሞ አንድ ላይ መገመድ ነበረባቸው፣ እርግጫው ለሁለቱም እኩል እንዲደርስ። እኔ ስገምዳቸው አንድ ቦታ ላልቶ ሌላ ቦታ ይቋጠራል።

«አምጣው እዚህ» አለች እትዬ ሙሉ። «ክር ማክረር ለማን ነው የምታሳየው?» አንዱን ጫፍ ለእኔ አስያዘች፤ ሌላውን በመዳፏ መካከል እያሽከረከረች ያን ሁሉ ሜትር ሽቦ እንደ ድርብ ክር አከረረችው። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካ የሠራው ስንት የተገመደ ሽቦ አይቻለሁ፤ እንደሷ እኩል የሆነ አላየሁም።

ረቡዕ ሞከርነው። ኮምፕሬሰሩ አሥር ጊዜ ተነሳ፤ ማሽኑ ሦስት ጊዜ ቆመ። በአሥሩም ከመቆም ይሻላል፣ ለኮሚቴ ግን አይበቃም። ተጨነቅሁ። መዝኜ መርምሬ ሳየው ጥፋቱ የእኔ ነው (እንደ ልማዴ)፤ በሁለቱ መግቢያዎች ላይ ያደረግኋቸው፣ ኤሌክትሪኩን የሚገቱት ሬዚስተሮች በስም እኩል ይሁኑ እንጂ ሲለኩ ይለያያሉ። ለአንዱ ምስክር ጆሮውን ከፍቶ ለሌላው ግማሽ የሚዘጋ ዳኛ ነው የሠራሁት። ሐሙስን ሙሉ ከመጋዘን አንድ ካርቶን ሬዚስተር ዘርግፌ በቴስተር አንድ በአንድ እየለካሁ መንታ ፈለግሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ዓይኔ ሊፈስ ሲል፣ ፍጹም የሚመሳሰሉ አራት አገኘሁ። እንደ ዕንቁ በመሐረብ ቋጥሬ ወሰድኩና ሳጥኑ ውስጥ ገጠምኳቸው።

ዓርብ ኮሚቴው መጣ። ሦስት ሰዎች፣ ካቦ ተፈራ ከነደብተሩ፣ ከኋላቸው ደግሞ ሥራ ያቆሙ ሠራተኞች ሁሉ። ሰብሳቢው ከፋይሉ ውስጥ ወረቀቴን አወጡ። ጅራታሟ ፊርማዬ ከሩቅ ታየችኝ።

«ባለሙያው ማሽኑ እንከን የለበትም ብሏል» አሉ። «ባለሙያው አለ?»

ከሠራተኞቹ መካከል ወጣሁ። «አለሁ» አልኩ። «ያ ወረቀት ስህተት ነው። የፈረምኩት እሑድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ተኝቶ ሳለ። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። ላሳያችሁ።»

ፊርማን በሕዝብ ፊት መብላት ቀላል አይደለም፤ ጅራት ሲኖራት ደግሞ ጉሮሮ ታቆስላለች። እትዬ ሙሉ ማሽኗን አስነሳች። ኮምፕሬሰሩን አስነሱ አልኩ። አስነሱት። ማሽኑ ሄደ። አጥፉትና እንደገና። ሄደ። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ይቆጥሩ ጀመር፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አልቆመም።

ካቦ ተፈራ እርሳሱን ቀሰረ። «ጓዶች፣ ይኼ ልጅ ዓይኑን አሳውሮታል! አሁን ክር ቢበጠስስ ያያል? ለአሻጥሯ መሸፈኛ ነው የሠራላት!»

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ስለ ካፓሲተሯ አላወቀም እንጂ ማክሰኞ ዕለት ራሴን የጠየቅሁት እሱኑ ነው። መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት እትዬ ሙሉ ቀደመችኝ። ከማሽኑ ጎን ቆማ፣ ኮሚቴውን ቀጥ ብላ እያየች፣ ወደ ክሮቹም ሳትመለከት ትንሽ ጣቷን ሰድዳ አንዲት ክር በጥፍሯ በጠሰች።

ማሽኑ ቀጥ አለ። ጥቅሉ አንድ ዙር እንኳ አልጨመረም።

በዚያችው ቅጽበት ደግሞ፣ ማንም ሳያዝዝ፣ ከግድግዳው ማዶ ኮምፕሬሰሩ ተነስቶ አጓራ። እሷ ክሩን ቋጠረች፤ ማሽኗን አስነሳች፤ ኮምፕሬሰሩ እያጓራ ማሽኑ ሄደ። «እንግዲህ ካቦ» አለች፣ «የቱ ነው ዕውሩ?»

እልልታው የፋብሪካውን ጣሪያ ሊያነሳው ደረሰ። ሰብሳቢው ወረቀቴን ለሁለት ቀደዱት። ከኋላ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው አንስቶ ትከሻው ላይ ሰቀለኝ፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከውኃ ቧንቧ ጋር ተጋጭቼ ግንባሬ አብጧል። ካቦ ተፈራ ራሱ በማግስቱ መጥቶ «የሌሎቹንም ስድስት ሥራልኝ» አለ፤ ሠራሁ። እትዬ ሙሉ በዚያች ማሽን ላይ ሦስቱን ልጆቿን አሳደገች፤ ጥቅሏም ከዚያ ወዲያ ከማንም አንሶ አያውቅም። እናቴም ወሬውን ከእሷ ሰምታ ለአንድ ሳምንት ያህል «እርስዎ» ብላ ጠራችኝ፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ወደ «አንተ ደደብ» ተመለሰች።

ከትከሻ ላይ ሳልወርድ ነበር ሰብሳቢው የጠየቁኝ። «ጎበዝ! ይኸን ከየት ተማርከው?»

ጋሽ አንጁሎ በበሩ መቃን ላይ ተደግፈው ቆመዋል፤ ካፖርታቸው ውኃ ያንጠባጥባል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ስማቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን ሁሉም ሰው እኔን ነው የሚያየው፣ ግንባሬ ደግሞ በጀግንነት ቆስሏል። ዲፕሎማ ያለው ሰው ከዘበኛ ተማርኩ ይላል?

«ከመጽሐፍ» አልኩ።

ጋሽ አንጁሎ ፈገግ አሉ። ተቆጥተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በፈገግታቸው ተመልሰው ወደ በራቸው ሄዱ፣ በቆሎአቸው እንዳያርር።

ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው ያ ቀን የሕይወቴ ትልቁ ቀን ነበር፤ አልክድም። ከዚያ በኋላ ስንት ሥራ ሠርቻለሁ፣ እንዲያ ግን ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ያቺን ሳጥን ባሰብኳት ቁጥር አሁንም ደረቴ ይነፋል፤ ሶኬት ፈንድቶብኝ እጄን ቅቤ በተቀባሁበት ቀን እንኳ። ከጫጫታ መካከል ድምፅን መለየት ችያለሁ። ከራሴ ጉራ መካከል እውነትን መለየት ነው የከበደኝ።

ጋሽ አንጁሎ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጃቸው ዘነበች ሽሮ ሜዳ ላይ የሸማ ሱቅ አላት። የአባቷን ፈገግታ ወርሳለች፤ እሱ ነው ችግሬ። ልነግራት እሄዳለሁ፤ ገና ከደረጃው ስወጣ ፈገግ ትልና «ግቡ አባባ! ዛሬስ ለማን ነው?» ትለኛለች። አፌን እከፍታለሁ፤ ከአፌ የሚወጣው ግን «ጋቢ አሳዪኝ» ነው። ባለፈው ወርም ሄጄ ስድስተኛውን ይዤ ተመለስኩ። ጥሩነሽ ቁም ሣጥኑ አልዘጋ ሲላት «እኛ ቤት ስንት ሰው ነው የሚበርደው?» ትላለች። ምን ልበላት? ለዘነበች ያለብኝ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፣ ከሱቁ ደጃፍ እስከ ጋቢዎቹ መደርደሪያ ድረስ ሁልጊዜ በትክክል የማስታውሳት፦ «ከመጽሐፍ አልነበረም፤ ከአባትሽ ነው።»